የጓንጉል አንበሳ

ተረት ልጀምር ነው፤ ጆሮ ያለው ይጠጋ፣ ሳቂታው ከደጅ ይቆይ። ዛሬ የምነግራችሁ እኔን ራሴን ሲያናድደኝ የኖረ ነገር ነው።

በድሮ ዘመን ጓንጉል የሚባል ድንጋይ ጠራቢ ነበረ። ዕድሜ ልኩን ወፍጮ ሲወቅር ኖረ። አገሩ ሁሉ በሱ ወፍጮ ፈጭቶ በላ፤ "ማን ሠራው?" ያለ ግን አንድም ሰው አልነበረም። ይህ አንጀቱን አሳረረው። አንድ ቀን ከትልቅ ድንጋይ አንበሳ ሊያወጣ ተነሣ።

የጠራቢ ወግ እንዲህ ነው፤ ያላለቀ ሥራ ዓይን ይበላዋል ተብሎ ይሸፈናል። ጓንጉል ግን ድንጋዩን በበሬ አስጎትቶ ቅዳሜ ገበያ መሀል አቆመው።

"ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ሲያልቅ አይታይም ወይ?" አለችው ሚስቱ።

"ሲያልቅማ የማንም ይሆናል። ስሠራው ይዩት" አላት።

በመጀመሪያው ቅዳሜ የአንበሳውን ራስ አወጣ። መሮው ሳተና ግራ ጆሮው ተሰብሮ ወደቀ። ገበያው ሳቀበት። "ጆሮ ቆራጭ" ብለው ሰደቡት። አፈረ፣ ተናደደ፣ ግን አልሸፈነውም። በሁለተኛው ቅዳሜ ከጆሮው የተረፈውን ወደ ኋላ አስተኝቶ ከጎፈሩ ጋር አዋሐደው። ሰዉ ቀርቦ አየ። በሦስተኛው ቅዳሜ ደረቱና የፊት እግሮቹ ወጡ። ከሩቅ አገር ሰው መጣ። "የማን እጅ ነው?" ሲሉ "የጓንጉል" ተባለ።

ይህን የሰማ አደፍርስ የሚባል ሆዳም ጭቃ ሹም ሎሌዎቹን አስከትሎ መጣ።

"ድንጋዩ ከመሬቴ የወጣ ነው" አለ።

"ጌታዬ፣ ድንጋዩስ ከመሬትዎ ወጣ፤ አንበሳው ከየት ወጣ?"

መልሱ ዱላ ሆነ። አንበሳውን ጎትተው ወሰዱት፤ ጭቃ ሹሙም "የእጄ ሥራ ነው" ብሎ ለንጉሡ አበረከተ። ዓይን አውጣ ማለት እሱ ነው፣ ልጆቼ።

ጓንጉል በእግሩ ተከትሎ ከንጉሡ ደጅ ቆመ። "አቤት" አለ። ዘበኞቹ ገፉት። "አቤት" አለ። መቱት። በሦስተኛው ንጉሡ ሰሙና አስገቡት።

"ጃንሆይ፣ ይህ ወፍጮ ወቃሪ ነው" አለ ጭቃ ሹሙ። "እኔ እንደ ወጉ ደጄን ዘግቼ፣ ማንም ሳያየኝ ሠራሁት።"

"ግራ ጆሮው ለምን እንደ ተኛ ይጠየቅልኝ" አለ ጓንጉል።

"አንበሳ ሲቆጣ ጆሮውን ያስተኛል" አለ ጭቃ ሹሙ ሳያፍር።

መልሱ ጥሩ ነበር። ንጉሡም ራሳቸውን ነቀነቁ። የጓንጉል ደም ፈላ፤ ቢሆንም ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እንግዲያው ቅዳሜ ገበያ የዋለ ሰው ይጠራ፤ አንድ ባንድ ይጠየቅ" አለ።

የጨው ነጋዴ ተጠራ። "ተሰብሮ ነው" አለ። ቄስ ተጠሩ። "ተሰብሮ ነው" አሉ። ሸክላ ሻጭ ባልቴት ተጠሩ። "ተሰብሮ ነው፤ 'ጆሮ ቆራጭ' ብዬ የሰደብኩትም እኔው ነኝ፣ ምላሴ ይቆረጥ" አሉ።

ንጉሡ ወደ ጭቃ ሹሙ ዞሩ። "አንተንስ ማን አየህ?"

ደጁን ዘግቶ የሠራን ማን ያየዋል።

ሹመቱን ተገፈፈ። ሦስት ቅዳሜ በዚያው ገበያ ወፍጮ እንዲወቅር፣ ሰው ሁሉ እንዲያየው ተፈረደበት። ገና በመጀመሪያው ቀን አውራ ጣቱን ቀጠቀጠ።

ጓንጉልን ግን ንጉሡ "አንበሳውን እዚሁ ግቢዬ ጨርሰው" አሉት።

"ጃንሆይ፣ ግቢዎ አጥር አለው። አጥር በሌለበት ልጨርሰው" አለ። ፈቀዱለት። የኋላ እግሮቹን ገበያተኛ እያየው አወጣ።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ አበው። እኔም ጨረስኩ። ከመካከላችሁ ይቺን ተረት ወስዶ "የኔ ናት" የሚል ካለ፣ አፉን የሚያብስበት ዳቦ ጉሮሮው ላይ ይቁም።