አትግለጧት የምትባለው መሬት

ከመንደራችን በላይ፣ ወደ ገደሉ በሚያዘነብለው ተዳፋት ላይ፣ አትግለጧት የምትባል ቁራሽ መሬት አለች። በዙሪያዋ ያሉት ማሳዎች በየዓመቱ በበሬ ይታረሳሉ፤ እሷን ግን ማረሻ ወይም ዶማ ሲነካት ያየ በሕይወት ያለ ሰው የለም። በበጋ ወደዚያ የወጣ ሰው፣ የጤፍ ጭድ፣ የማሽላ አገዳና ደረቅ ቅጠል ተጎዝጉዞባት ያገኛታል፤ በክረምት ደግሞ በዚያው ጉዝጓዝ መሃል ባቄላው፣ ዱባውና ጎመኑ ወጥቶ ይታያል። እንግዳ ሰው ሲያያት ባለቤቶቿ ሰንፈው የተዋት ይመስለዋል። ሽማግሌዎች እንደሚሉት ግን ነገሩ የስንፍና ሳይሆን የበደል ነው።

ዘመኑን በትክክል የሚያውቅ የለም። በድሮ ጊዜ አንጓች የምትባል ሴት ከቆላው ገደል አፋፍ ተድራ ወደዚህ መንደር መጣች ይባላል። የአባቷ አገር በሬ ቆሞ የማይሄድበት ገደላገደል ስለነበር፣ እዚያ ሰዉ መሬቱን አያርስም፤ የተገኘውን ሳርና ቅጠል አልብሶ ያቆየውና የዘር ጊዜ ሲደርስ በሹል እንጨት ቀዳዳ እያበጀ ይተክላል። አንጓች ባሏ ደረበ በሕይወት እስካለ ድረስ እንደ አገሩ ልማድ ኖረች። ደረበ በወባ ሞቶ፣ ሁለት ትንንሽ ሴቶች ልጆች ታቅፋ ስትቀር ግን የእናቷን ዘዴ ያዘች። ተዳፋቷን ከዳር እስከ ዳር አለበሰቻት። በመጀመሪያው ዓመት እምብዛም አላገኘችም፤ ከዚያ በኋላ ግን አፈሩ እየጠቆረና እየለሰለሰ ሄዶ ልጆቿን የሚያጠግብ ባቄላ ሰጣት። ከዚያች መሬት ሌላ የሚያኖራት ነገር አልነበራትም።

የመንደሩ ሰው ግን ባቄላውን ትቶ ጭዱን አየ። በእኛ አገር ያልታረሰ መሬት ጦሙን ያደረ መሬት ነው፤ የወንድም መሬት ጦሙን ካደረ ደግሞ ነውሩ የዘመድ ነው።

«አንጓች መሬቷን አራስ አደረገቻት መሰለኝ፣ ብርድ ልብስ ደርባላታለች» ይላል አንዱ።

«እንግዲያው ገንፎ ይዘን እንጠይቃት እንጂ!» ይላል ሌላው።

ቀልዱ አንጓችን ብዙም አልነካትም። የነካው ዋርሳዋን፣ የባሏን ታላቅ ወንድም ባየን ነበር። ባየ ሁለት ጥንድ በሬ የነበረው፣ በትልሙ ቀጥታነት የተመሰገነ አራሽ ነው። ገበያ ላይ «አንተ ባየ፣ የወንድምህ መሬት ጦሟን እያደረች ያንተ በሬዎች ይሰባሉ አሉ» ሲሉት የሚገባበት ይጠፋው ነበር ይባላል።

አንድ ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ የአንጓች እናት ታመመችና መልእክት መጣ። አንጓች ልጆቿን ይዛ ወደ ቆላ ከመውረዷ በፊት ወደ ባየ ደጅ ሄደች።

«ጋሼ ባየ፣ ይህችን መሬት አደራ። ከብት አይግባባት፣ ሰውም አይንካት። እኔ እስክመለስ አትግለጧት።»

«አንቺ እናትሽን አስታሚ፤ መሬት የት ይሄዳል! አደራሽን ተቀብያለሁ» አላት።

እሷ ከሄደች በኋላ ባየ ደቦ ጠራ። አንዳንዶች ክፋት ነበረበት ይላሉ፤ አብዛኞቹ እንደሚናገሩት ግን ታርሳ ስታያት ደስ ይላታል ብሎ ራሱን አታልሎ ነበር። ሰዎቹ በሬዎቻቸውን እየነዱ መጡ፤ ጉዝጓዙን ጠርገው ዳር ላይ አቃጠሉት። ባየም መጀመሪያ ገባ። ማረሻው ያለ ድካም ሰመጠ፤ የተገለበጠው አፈር እንደ ዳቦ የሚፈረፈር፣ ጥቁርና ትል የሞላበት ነበር። ተገኘ የሚባል ሽማግሌ አራሽ በሬዎቹን አቁሞ አንድ እፍኝ አነሳና አሸተተ።

«ባየ፣ ይህ አፈር ምን ጎደለውና ነው የምናርሰው?»

«ጠላው ሳይደርስ ጉልበትህ አለቀ እንዴ፣ አባ ተገኘ?» ብሎ አንዱ ቀለደና ሰዉ ሳቀ።

ባየ አልሳቀም። እጁ እርፉን እንደያዘ ጥቂት ዝም ብሎ አፈሩን አየው። ከዚያ በሬዎቹ ላይ ጮኸና ትልሙን ቀጠለ። ሽማግሌዎች እዚህ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። በደሉ የተፈጸመው በዚያች ዝምታ ውስጥ ነው፣ ከዚያ በፊትማ አላወቀም ነበር ይላሉ።

ዝናቡ ብዙም አልቆየም። አንድ ከሰዓት በኋላ በረዶ ቀላቅሎ ወረደና ውሃው ትልሙን እየተከተለ ያንን ጥቁር አፈር ወደ ገደል ጠረገው። ባየ ሮጦ ወጥቶ በድንጋይ፣ በእንጨት፣ በመጨረሻም በጋቢው ሊገድበው ሞከረ ይባላል። ሲያባራ መሬቷ አጥንቷ ወጥቶ ነጭ ጭንጫ ሆና ነበር።

አንጓች እናቷን ቀብራ ተመለሰች። ልጆቿን እንደያዘች ተዳፋቷ ጫፍ ላይ ቆመች፤ ሰዉም ከኋላዋ ተሰበሰበ።

«ማን ገለጣት?» አለች።

የቆሙት ሁሉ ደቦው ላይ ነበሩ። ቆይቶ ባየ «እኔ ነኝ» አለ። «ሰው እንዳይስቅብሽ ብዬ ነው።»

«እንዳይስቁብኝ ነው ወይስ እንዳይስቁብህ?»

ከዚያ በላይ አልተናገረችውም። አደራ በላ ብላ ብትሰድበው ኖሮ ይቀለው ነበር ይላሉ።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። መሬቷ እስክታገግም ልጆቹ ከባየ ጎተራ እንዲበሉ፣ ከሜዳው ማሳውም ከፍሎ እንዲሰጣት ፈረዱ። አንጓች እህሉን ለልጆቿ ብላ ተቀበለች፤ ማሳውን ግን እምቢ አለች። «የደረበ ልጆች በሰው መሬት ላይ ጥገኛ ሆነው አያድጉም። ይህችው ትዳንልኝ» አለች።

በዚያ ዓመት አውድማው እንዳበቃ ባየ ጭዱን ተሸክሞ ወደ ተዳፋቷ መውጣት ጀመረ። ጭድ የበሬ ቀለብ ነው፤ በጋውን የሚያሻግራቸው እሱ ነው። በሬዎቹ ጎድናቸው እስኪቆጠር ከሱ፣ አንዱን ጥንድም ሸጠ። አሁን መሳቂያው እሱ ሆነ፤ «ባየ መሬት እየቀለበ በሬ ያስጦማል» ተባለ። እሱ ግን ማንንም ሳያይ ጎንበስ ብሎ በእጁ ያለብስ ነበር። አንድ ጧት ተገኘ እቅፍ አገዳ ይዞ መጣና ከጎኑ አኖረ። ከዚያ በኋላ ደቦ የወጡት ሁሉ ተራ በተራ መጡ፤ የሚሳሳቁም የሚጫወቱም አልነበሩም።

ዓመታት አለፉ። መጀመሪያ ትሉ ተመለሰ፣ ቀስ ብሎም እርጥበቱ፤ በመጨረሻ ሹሉ እንጨት ድንጋይ ሳይነካ መግባት ጀመረ። ልጆቹ ከገዛ መሬታቸው በሉ። በዚያ ጊዜ ነው ባየ ሸክሙን አውርዶ ሲያለብስ አንጓች ቀርባ እንጨቱንና አንድ እፍኝ ባቄላ የዘረጋችለት።

«እንካ ጋሼ ባየ፣ ዛሬ አንተ ትከል።»

ባየ ተቀበላት። እንጨቱን ወደ መሬት አስጠጋው፣ ከዚያ መልሶ ሰጣት።

«በዚህች እጄ አይሆንም። እኔ ጭዱን ላምጣ።»

«ይቅር ብዬሃለሁ እኮ።»

«አንቺ ብለሽኛል» አላትና ሌላ ሸክም ሊያመጣ ቁልቁል ወረደ።

ዛሬም አውድማ ሲያበቃ የመጀመሪያውን ሸክም የሚያወጡት የባየ ዘሮች ናቸው፤ ሌላው መንደርተኛ ይከተላል። በመጨረሻው የጉዝጓዝ ቀን ከአንጓች ዘር አንዷ ሹል እንጨት ለባየ ዘር ትዘረጋለች፤ የተዘረጋለትም በእጁ ነክቶ ይመልስላታል። ወስዶ የተከለ እስካሁን አልተሰማም።

በቅርቡ ከባየ ዘር ያገባ አንድ አማች ይህን አይቶ ገረመው።

«ድሮ ይቅር ከተባላችሁ ለምን አትወስዱትም?» ብሎ ጠየቀ።

«ብንወስደውማ» አሉት አንድ ሽማግሌ፣ ቀና ሳይሉ፣ «ጭዱን ማን ያመጣል?»

አማችየው ቀልድ መስሎት ሊስቅ ነበር። ዙሪያውን ሲያይ ሁሉም ጎንበስ ብለው ያለብሳሉ። እሱም እቅፍ ሙሉ ጭድ አነሳና ከጎናቸው ጎንበስ አለ።