በእንግሊዝኛ የለመነው ጅብ

ላውጋችሁ? «አውጋን» በሉ እንጂ! ዱሮ ዱሮ፣ ድንጋይ ገና እንደ ቅቤ በሚቀልጥበት ዘመን፣ ስሙ በጠፋኝ አገር አንድ ጅብ ነበረ። የዚያ አገር አህዮች እርግጫቸው ተራራ ይንድ ነበርና፣ ጅቡ «ክፈቱ!» ብሎ በመጣ ቁጥር ጥርሱን እየለቀመ ይመለሳል።

ቢቸግረው ትምህርት ቤት መስኮት ሥር ተኝቶ የእንግሊዝኛ ትህትና ተማረ። ሰባት ዓመት ተምሮ «ሜይ አይ» እና «ፕሊስ» የሚሉትን ያዘ። ከሌላውም ቃል ለመብላት የሚያስፈልገውን ብቻ ለቀመ።

ከዚያ ወደ አህዮቹ አለቃ ወደ አቶ ድንበሩ ደጅ ሄደና አፍንጫው መሬት እስኪነካ እጅ ነሣ።

«ሜይ አይ ኢት ዩር ቴይል፣ ፕሊስ?» ጭራህን ልብላ ማለቱ ነው።

አቶ ድንበሩ እንግሊዝኛ የሚባል አያውቅም። ግን ጎረቤት እየሰማ «አልገባኝም» ይበል? ሞቱን!

«የስ! የስ!» አለ። ጭራው ሄደች።

ጎረቤቶቹም «ምነው ጭራህ?» አሉት።

«በእንግሊዝኛ ተለምኜ ነዋ!»

«ታድለህ!» ብለው ቀኑበት።

በሳምንቱ ጅቡ ተመለሰ። «ሜይ አይ ኢት ዩር ኢር፣ ፕሊስ?»

«የስ! የስ!» አንድ ጆሮው ሄደ።

በሦስተኛው ሳምንት መጥቶ «ሜይ አይ ኢት ዩር ዶተር፣ ፕሊስ?» ሲል፣ አቶ ድንበሩ አፉን ለ«የስ» ሲከፍት ሚስቱ ወይዘሮ ዘርትሁን እግሩን ረገጠችው።

«አንተ የማትረባ! ጭራህን ሲለምን ጭራህን ያይ ነበር። ጆሮህን ሲለምን ጆሮህን። አሁን ዓይኑ የት ነው?»

ዓይኑ ልጃቸው አንጓች ላይ ነበር። ምራቁ ይንጠባጠባል።

ወይዘሮ ዘርትሁን ፈገግ ብላ ወጣች። «አያ ጅቦ፣ ልጅ ሊጠይቁ ነው የመጡት? እሰይ! ባገራችን ልጅ ለጋብቻ የሚጠይቅ ሰው፣ ዘመድ ተማክሮ መልስ እስኪሰጠው አይቀመጥም፣ እህልም አይቀምስም። እዚያው ይቁሙ፣ ፕሊስ።»

ጨዋ መስሎ የመጣ እንዴት እምቢ ይበል? ቆመ።

በማግስቱ ወይዘሮ ዘርትሁን ወጥታ፦ «አጎቷ አልደረሱም፣ ፕሊስ።»

በሠልስቱ፦ «አጎቷ ደርሰዋል፣ አክስቷ ግን አኩርፈዋል፣ ፕሊስ።»

በአራተኛው ቀን አርባ አህያ ዘመድ ግቢውን ሞላው። የጅቡ ሆድ እንደ ነጋሪት ይጮኻል።

«እንግዲህ የአያቷን አሳብ ደግሞ እንስማ፣ ፕሊስ» ስትል፣ ጅቡ አበደ።

«የምን ፕሊስ! ልጅቷን አምጡና ልብላ!»

ይህን ያለው በአማርኛ ነው። አርባውም አህያ ያለ አስተርጓሚ ገባቸውና፣ ጀርባቸውን አዙረው መልሱን በኋላ እግራቸው ሰጡት። ጅቡ ሦስት ወንዝ በአየር ተሻገረ ይባላል። እኔ አራት ነው እላለሁ።

አንጓች ተረፈች። አባቷም ዝንቡን የሚያባርርበት አጥቶ ሲንቀጠቀጥ ኖረ። አገሩም እንዲህ ሲል ተረተ፦

«አልገባኝም ለማለት ያፈረ፣ ጭራውን ገበረ።»