የአቤቱታው ውሃና የገበያው ጎመን

የሃያ አራት ሺህ ብር ጎመን በማሳዋ ላይ የነበራት አንዲት ሴት ነበረች። ከዚያ ሌላ የዓመት ቀለብ አልነበራትም። አንተ «በቆሻሻው ሽታ ላይ የተጻፈውን አቤቱታ ፈርሜ፣ ቤቴን ለሚገዛኝ ሰው ግን አየሩ ደህና ነው ብል ምን አለበት?» ብለህ ጠይቀኸኛል፤ በእሷ እመልስልሃለሁ።

ከማሳዋ በላይ የከተማው ቆሻሻ የሚደፋበት ጉብታ ነበረ። ዝናብ ሲጥል ከክምሩ ሥር ጥቁር ፈሳሽ እየወጣ ማሳው ሁሉ የሚጠጣበት ወንዝ ውስጥ ይገባ ጀመር። የሠፈሩ አትክልተኞች ውሃችን ተመረዘ ብለው ለመንግሥት አመለከቱ። ደንቡ ፈሳሹ ከቆሻሻው ግቢ አጥር ከወጣ፣ ማቆሪያ ጉድጓድ እስኪሠራለት ድረስ አንድም መኪና እንዳይራገፍ ያዛል።

ተቆጣጣሪው መጣ፤ ግብዣ የማይቀበል፣ ሰውን አስጨርሶ የሚሰማ ሰው ነበር። የቆሻሻው ሥራ ኃላፊ አልተከራከረም። አንድ እስር ጎመን መሬት ላይ አኖረና፣ «ዛሬ ጠዋት ከእነዚሁ ሰዎች ገበያ ላይ ገዛሁት። ውሃው እንዴት ነው ብላቸው፣ እንደ ጠበል የጠራ ነው ብለው ማሉልኝ» አለ። አትክልተኞቹ ሁሉ አቀረቀሩ። ተቆጣጣሪውም በሁለት ምላስ ላይ ትእዛዝ እንደማይጽፍ፣ እስከሚመጣው ገበያ ለመንግሥትም ለገዥም ቃሉን አንድ የሚያደርግ ካልተገኘ ጉዳዩን እንደሚዘጋ ነግሯቸው ሄደ።

የገበያው ቀን ደረሰ። ሴትዮዋ ጎመኗን ዘርግታ ተቀመጠች። የመጀመሪያዋ ገዥ እንደ ልማዱ ስለ ውሃው ጠየቀቻት።

«ከቆሻሻው ሥር በሚወርደው ነው ያጠጣሁት፤ አትግዢ» አለቻት።

ጎረቤቶቿ ከበቧት። አንዱ፣ «እትዬ፣ መመንኮስ ካማረሽ ብቻሽን መንኩሺ፤ እኛን ወደ ገዳም አትጎትቺን» አላት።

እሷም ድምፅዋን ሳታነሣ፣ «ይህን ጎመን ለልጆቹ የቀቀለ ካለ ይናገር» አለች።

ሁሉም ለየቤታቸው ከሌላ ገበያ ነበር የሚገዙት። አንዲት አሮጊት ጎመኗን መልሳ ጆንያ ውስጥ ከተተች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። የቀለደው ሰውዬ የመጨረሻው ነበር።

ተቆጣጣሪው ከበርበሬ ነጋዴዎቹ መካከል ቆሞ ይሰማ ነበር። ውሃውን አስመረመረ፣ መኪኖቹን አገደ፣ ጉድጓዱም ተሠራ። እሷ ጎመኗን ነቅላ ቀበረችው፤ ያን ዓመት የሰው ልብስ እያጠበች ከረመች። ወንዙ ከጠራ በኋላ ግን ገዥ ሌላውን ስለ ውሃው እየጠየቀ፣ ከእሷ ሳይጠይቅ ይገዛ ነበር።

ልጄ፣ አንተም ለመንግሥት «መተንፈስ አቃተን» ብለህ ፈርመህ፣ ለቤት ገዥህ «አየሩ ለጤና ነው» ልትል ነው። ያ ኃላፊ ጎመኑን እንዳመጣው፣ ያንተንም ገዥ የሚያመጣ አይጠፋም። ያን ቀን የምትሸነፈው አንተ ብቻ አይደለህም፤ አብሮህ የፈረመው ሁሉ ነው። መጀመሪያ ለገዥህ ንገረው፣ ከዚያ ፈርም። ከቤቱ ዋጋ ይጎድልብሃል፤ አይጎድልም ብዬ አልዋሽህም።

ሃያ አራት ሺህ ብር ለአንድ ወንዝ። በዕድሜዬ ብዙ ገዝቻለሁ፣ ብዙም ሸጫለሁ፤ በዚህ ዋጋ እንዲህ ያለ ነገር ገዝቼ አላውቅም።