ከዱባው ፍሬ ሥር

ተረት ልንገራችሁ፤ ጆሯችሁን አቅርቡልኝ።

አንዲት ባልቴት ፍልፈል የቀራትን አንድ የዱባ ፍሬ ከትንሿ የልጅ ልጇ ጋር ተከለች። ትንሿ ግን አላስችል ብሏት በየጠዋቱ አፈሩን እየጫረች፣ «እማምዬ፣ በቀለ እንዴ?» ትላለች።

«ተይው፣ ይደርቃል! ሁለተኛ ከላይ እንዳትነኪው!» ብላ አያቷ ተቆጣቻት።

ትንሿ እሺ አለች። ግን ፍልፈል አይደለች? ከላይ ቢከለክሏት ከታች መንገድ አላት። በሦስተኛው ቀን ጉድጓዷ ውስጥ ገብታ፣ ቀስ ብላ እየማሰች ፍሬው ሥር ስትደርስ የሌላ ትንፋሽ ሰማች።

«ማነው?» አለች ደንግጣ።

«ዝም በይ፣ እኔ ነኝ» አለች አያቷ፣ ጢሟ አፈር ለብሶ። «ነጭ ሥር አውጥቷል። ጠጋ በይና እዪ።»

ተረቴን እዚህ ተክዬዋለሁ፤ እናንተም አትጫሩብኝ።