ዓይኑ ያበጠው ማር ቆራጭ

አንድ ንብ አናቢ ገደል በበዛበት አገር ይኖር ነበር። ስሙ ይመኑ ይባላል። ከአባቱ የወረሳቸው አሥራ ሁለት ቀፎዎች ነበሩት፤ ንቦቹም ክረምቱ ሲወጣ መንተሴ ከሚባለው ቁጥቋጦ አበባ ይቀስማሉ። የመንተሴ ማር ነጭ ነው። ብዙ ሳይቆይ ይረጋል፤ በማንኪያ ልጨልፍህ ካሉት እምቢ ይላል፣ ቢላዋ ይፈልጋል። የአገሩ ሰው ይህን ስለሚያውቅ ለታመመና ለአራስ ከዚያ ሌላ ማር አይሰጥም።

ችግሩ፣ የአገሩ ሰው ሁሉ የየራሱ ቀፎ ስላለው ማር አይገዛም። የሚገዛው አንድ ነጋዴ ብቻ ነበር። በየዓመቱ አይሱዙውን ያቆምና ይወርዳል፣ ጣቱን ማሩ ውስጥ ነክሮ ይልሳል፣ ከዚያ መድኃኒት እንደ ጠጣ ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። «ነጭ ማር ከተማ አይወድም። እኔም የምወስደው ለአንተ ብዬ ነው» ይላል። ለአንተ ብዬ ነው የሚል ገዢ የገጠመው ሰው ኪሱን ይጠብቅ። ነጋዴው እንዲሁ ለይመኑ ሲል፣ ለይመኑ ሲል፣ ፎቅ ቤት ሠራ።

አንድ ዓመት ይመኑ በቃኝ አለ። ሰዎች በስልክ ገጽ ከፍተው ዕቃቸውን ለሩቅ ሰው እንደሚሸጡ ሰምቷል። እሱ ስልኩን ለመደወልና ለመብራት ብቻ ነበር የሚያውቀው። ስለዚህ በአቅራቢያው ባለችው ትንሽ ከተማ ብቸኛ ፎቶ አንሺ ወደሆነው ወደ ተካልኝ ሄደ።

ተካልኝ ክፉ ሰው አልነበረም። የሰውን ጉድለት ማየት ስለማይወድ ያጠፋዋል፣ ይኸው ነው ጥፋቱ። ከፎቶ ቤቱ ግድግዳ ላይ አንድ ጥቁር ኮትና አንድ ቀይ ክራቫት ተሰቅለዋል። የወረዳው ወንድ ለመታወቂያም፣ ለምርቃትም፣ ለሠርግም ፎቶ የሚነሳው በዚያ ኮት ነው። በዚያ አገር እንደ ኮቱ የተማረም፣ እንደ ኮቱ ደጋግሞ ያገባም የለም።

«ጋሽ ይመኑ፣ እንዲህ ሆነው ነው ማር የሚሸጡት?» አለ ተካልኝ፣ ከእግር እስከ ራሱ እያየው። «ሰው ያዝንልዎታል እንጂ አይገዛዎትም።»

«ታዲያ ምን ልሁን?»

«ሥራ አስኪያጅ ይሁኑ።»

ኮቱን አለበሰው። ክራቫቱን አሰረለት። ፎቶውን ካነሳው በኋላ በኮምፒውተሩ የግንባሩን መስመር ጠረገ፣ ንብ ሲነድፈው የኖረበትን የጉንጩን ጠባሳ አጠፋ፣ መልኩን ሁለት ደረጃ አቀላው። ከኋላው የነበረውን የጭቃ ግድግዳ አንስቶ የመስታወት ሕንፃ ተከለበት። ይመኑ ፎቶውን ሲያይ ሊጨብጠው እጁን ሊዘረጋ ምንም አልቀረው፤ እንግዳ ሰው መሰለው።

ቀጥሎ ማሩን አሳየው። ተካልኝ ባልዲውን ከፍቶ አየና ከደነው።

«ይኼ ፎቶ አይወጣለትም፤ ሊጥ ይመስላል። ቆይ፣ ቆንጆ ማር አመጣልዎታለሁ።»

ከኢንተርኔት ላይ አንድ ፎቶ አወረደ። በጠርሙስ ውስጥ የሞላ ወርቅ የመሰለ ወለላ፣ ከላይ ደግሞ ጫፉ የተሸነተረ ክብ እንጨት፣ ማሩ ከእንጨቱ እንደ ክር ሲወርድ።

«ይህ እንዝርት ምን ያደርጋል?» አለ ይመኑ።

«እኔም አላውቅ። ግን ማር የሚሸጥ ሁሉ አለው።»

ገጹ ተከፈተ። ሰው ወደደው፣ አደነቀው፣ አንዱም «እንዝርቱ አብሮ ይመጣል ወይ?» ብሎ ጠየቀ። የግማሽ ቀን መንገድ ከሚርቅ ከተማ፣ መናኸሪያ አጠገብ ማርና ቅቤ የምትሸጥ ወይዘሮ እልፍነሽ የምትባል ሴት ሁለት ባልዲ አዘዘች። ይመኑ ከአሥራ ሁለቱ ቀፎ ሁለቱን ቆርጦ፣ ባልዲዎቹን አሽጎ በአውቶብስ ላከላት። አውቶብሱ እስኪታጠፍ ድረስም ቆሞ ሸኘው።

እልፍነሽ አንዱን ባልዲ ከፈተች። ነጭ። ማንኪያ ሰደደች፤ ማንኪያው ቆሞ ቀረ። ስልኳን አውጥታ ፎቶውን አየች፣ ባልዲውን አየች፣ እንደገና ፎቶውን አየች። ከዚያ ደወለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ስኳር ነው የላክህልኝ!»

«የለም እትዬ፣ የእኛ አገር ማር ተፈጥሮው ነጭ ነው።»

«ነጭ ከሆነ ፎቶው ላይ ያለው የማን ነው?»

ይመኑ ዝም አለ። የማን እንደሆነ አያውቅማ። በስልክ ውስጥ ደግሞ ዝም ያለ ሰው ሌባ ይመስላል።

እልፍነሽ ከገጹ ሥር ጻፈች፦ «ፎቶው ማር፣ ባልዲው ስኳር። እንዳትታለሉ።» የጻፈችው በአንድ ቀን ብዙ አጃቢ አገኘ። ማሩን በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ሰዎች ስኳሩን ቀምሰናል አሉ። የይመኑ ስልክ መጮኹን አቆመ።

ወሬ እግር አለውና ነጋዴው ዘንድ ደረሰ። አይሱዙውን አቁሞ ወረደ፤ በዚህ ዓመት ጣቱን እንኳ አልነከረም።

«ስምህ ጠፍቷል፣ ይመኑ። ከእንግዲህ ማርህን ለብቻው አልወስድም። ቀፎዎቹን ሽጥልኝና አንተው ትጠብቅልኛለህ፣ ደመወዝ እቆርጥልሃለሁ። ለአንተ ብዬ ነው።»

አባቱ በእጁ ጠፍጥፎ የሰቀላቸውን ቀፎዎች ለሌላ ሰው ሊጠብቅ! ግን አሥር ቀፎ ሙሉ ማር ይዞ ገዢ የለውም። «እስከ ቅዳሜ ላስብበት» አለ ይመኑ።

እልፍነሽ ደግሞ ጠብን በስልክ ጀምራ በስልክ የምትጨርስ ሴት አልነበረችም። ዓርብ ከቀትር በኋላ አንዱን ባልዲ ይዛ በይመኑ አገር ከአውቶብስ ወረደች። የከፈለችውን ለማስመለስ ብቻ አልነበረም የመጣችው፤ ሰውዬውን ፊት ለፊት ልትነግረው ነው። የፎቶውን ሰው ለአንዲት ጎመን ሻጭ አሳየቻት።

«እንዲህ ያለ ወንድ በዚህ አገር ቢኖር ኖሮ እኔ ጎመን እሸጥ ነበር?» አለች ጎመን ሻጯ።

ለአንድ ጡረተኛ አሳየችው። ሽማግሌው መነጽሩን ካደረገ በኋላ ስልኩን አራቀ፣ አቀረበ።

«ሰውዬውን አላውቀውም፣ እመቤቴ። ኮቱን ግን አውቀዋለሁ፤ ልጄ የተሞሸረው በሱ ነው። ተካልኝ ፎቶ ቤት ጠይቂ።»

ተካልኝ ስልኩን ሲያይ በመጀመሪያ በእጁ ሥራ ፈገግ አለ። ቀና ብሎ የእልፍነሽን ፊት ሲያይ ፈገግታው ጠፋ።

«ምራኝ» አለችው። «ባልዲውንም ተሸከም።»

ወንዝ ተሻግረው ሲደርሱ ይመኑ ማር እየቆረጠ ነበር። የመጣው ይምጣ፣ ማሩ ግን ቀፎ ውስጥ አይቀርም ብሎ ነበር የተነሳው። በዚያ ጠዋት አንዲት ንብ የፊት መሸፈኛውን አልፋ ከዓይኑ ሥር ነድፋዋለች፤ ግራ ዓይኑ አብጦ እንደ ተከደነ ማሰሮ ሆኗል።

«አንተ፣ ጌታህን ጥራልኝ» አለች እልፍነሽ።

«ጌታዬ እንኳ ላይ ነው፣ ስጠራውም ሰንብቻለሁ።»

«የፎቶውን ሰውዬ ነው የምልህ!» ስልኩን ካበጠው ዓይኑ ፊት ደቀነችው። ይመኑ ፊቱን አዙሮ በደህናው ዓይኑ አየ።

«እሱን ሰውዬ እኔም እየፈለግሁት ነው፣ እትዬ። ሥራ አስኪያጅ ነው አሉ። ማሩን ግን የላክሁት እኔ ነኝ።»

ይህን ብሎ ወደ ቀፎው ዞረ፤ አንድ የማር እንጀራ ቆርጦ በቅጠል ላይ አቀረበላት። ማሩ ገና ከሰፈፉ ሳይለይ፣ ከንቧ ቤት ሳይወጣ፣ ነጭ ነበር። እልፍነሽ ቆርሳ ጎረሰች። አኘከች። ተካልኝ ባልዲውን እንደተሸከመ ቀረ፤ አስቀምጥ ያለው የለም።

ሰፈፉን ተፋች። ባልዲውን አስከፍታ ከዚያም ቀመሰች። አንድ ነው።

«ይኼን ለምን አላሳየኸኝም?»

«አያምርም ተባልኩ።»

«ማነው ያለው?»

ተካልኝ ጫማውን አየ።

«እኔ ሃያ ዓመት ለአራስ ማር የሸጥኩት አምሬ ነው?» አለች እልፍነሽ። «ማርህ ምን በደለህና አፈርክበት? የሰው ማር ለጥፈህ የራስህን ስኳር አስባልከው እኮ! ደግሞስ…» ጠጋ ብላ ዓይኑን አየችው፤ ድምፅዋም ለሰለሰ። «ስኳር የሚቀላቅል ሰው ብዙ አይቻለሁ። አንዱም ዓይኑ አብጦ አያውቅም።»

ይመኑ ሳቀ። ሲስቅ አንዱ ዓይኑ ብቻ ሳቀ።

«አንተ ፎቶ አንሺ፣ እንዲህ እንዳለ አንሳው!»

«ዓይኑ እኮ…»

«ዓይኑን ነው የምልህ!»

እዚህ ላይ ተካልኝን ማመስገን ይገባል፤ ሲታዘዝ ሙያውን ያውቃል። ይመኑን ከዛፉ ጥላ አውጥቶ ፊቱን ወደ ፀሐዩ አዞረው። ከኋላው የነበረውን አሮጌ ጀሪካን አነሳ። የማር እንጀራውን ከአገጩ ሥር አስያዘውና በጣም ቀረበው። «ገጹ ላይ ይህ ፎቶ ከአዝራር አይበልጥም፤ ራቅ ብዬ ካነሳሁት ሰው ይሁን ዛፍ አይለይም» አለ። አንስቶ ሲጨርስ ጣቱ በልማድ ስልኩ ላይ እብጠቱን ሊጠርግ ሄደ። እልፍነሽ እጁን መታችው።

ሁለተኛው ፎቶ ባልዲው ነው፣ ነጩ ማር ላይ ቢላዋ ቆሞ። ሦስተኛው መንተሴ ነው፣ አበባው ላይ አንዲት ንብ ተቀምጣ። ወርቃማው ወለላና እንዝርቱ ወደ ባለቤታቸው አገር ተሸኙ፤ የመስታወቱ ሕንፃም ፈረሰ።

እልፍነሽ ከፎቶው ሥር በገዛ እጇ ጻፈች፦ «ስኳር ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ሄጄ አየሁ፣ ከቀፎው ቀመስኩ። ማሩ ነጭ ነው። ተሳስቼአለሁ፣ ይቅርታ።» ሌባ ነው ብሎ መጻፍ ማንም ይችላል፤ ይህችን ለመጻፍ ግን ግማሽ ቀን አውቶብስ ላይ መቀመጥ ይጠይቃል። ከዚያ ስልኳን ከትታ «የአራት ቀፎ ማር እኔ እወስዳለሁ፤ ቀሪውን ዓይንህ ይሽጠው» አለችው።

ቅዳሜ ነጋዴው መጣ። የይመኑን ፊት ሲያይ ደነገጠ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ማር ቆርጬ።»

«ቀፎዎቹስ? አሰብክበት?»

«አሰብኩበት። ከእንግዲህ ለእኔ ብለህ አትቸገር።»

ዓይኑ ቀሪውን ማር በአንድ ቀን ሸጠው ብል ዋሸሁ። ዛሬም ድረስ ስኳር ነው የሚል አይጠፋም። ግን አንዱ «ዓይንህን ምን ነካህ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ይመኑ «ማር» ብሎ ይመልሳል፣ ጠያቂው ይስቅና አንድ ኪሎ ያዛል። ቀጣዩ ክረምት ሳይገባ ቀፎዎቹ ባዶ፣ ባልዲዎቹም ባዶ ሆኑ። የሚገርመው፣ እብጠቱ በሦስተኛው ቀን ሲጎድል ሰዎች እስከ ደጁ መጥተው «ዓይኑ ያበጠው ሰውዬ የታለ?» ማለታቸው ነው። «ነገ እቆርጣለሁ፣ ያብጣል፤ እስከዚያ ማሩን ቅመሱ» ይላቸዋል።

ተካልኝም ኮቱን ለሙሽሮች ብቻ ተወውና በሩ ላይ «ለሥራ ፎቶ በሥራ ልብስዎ ይምጡ» ብሎ ጻፈ። መጀመሪያ የመጣችው ሹሩባ ሠሪ ናት፤ ማበጠሪያዋን ፀጉሯ ውስጥ እንደሰካች።

ታሪኩ የሚለው ይህ ነው፦ ገጽህ ላይ የለጠፍከው ፎቶ ለማያውቅህ ሰው የሰጠኸው ቃል ነው። ከዚያ ቃል ያነሰ ዕቃ ብትልክ ሌባ ትባላለህ፤ የተለየ ዕቃ ብትልክም፣ የተሻለ ቢሆን እንኳ፣ ያው ሌባ ትባላለህ። የሰው ማር የራስህን ያስጠላብሃል። በብርሃን ቁም፣ ቅረብ፣ የምትሠራበትን እጅና የምትሸጠውን ዕቃ እንዳለ አሳይ። የምታፍርበት እብጠት ምናልባት ብቸኛው ምስክርህ ነው።

አሁን ስልክህን ክፈት፤ አንቺም ክፈቺ። ያንን ፎቶ ይዞ አንድ እንግዳ ዛሬ ከአውቶብስ ቢወርድና በመንደሩ ቢጠይቅ፣ ሰዎች የሚያውቁት ማንን ነው? አንተን ነው ወይስ ኮቱን?