አያ ጅቦና ታዛዡ ቶርኖ

አንድ ጊዜ፣ አውሬዎች እህል ማስፈጨት በለመዱበት ዘመን፣ የጫካው ወፍጮ ሻፍቱ፣ ማለት ድንጋዩን የሚያዞረው ዘንግ፣ ተሰብሮ ቆመ። የጦጣ ልጆች ጥሬ እየቆረጠሙ ሆዳቸው ተነፋ። ደግነቱ፣ ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጸው የጫካው ቶርኖ ቤት ኮምፒዩተር የሚያዘው አዲስ ማሽን ነበረው። ክፋቱ ደግሞ፣ ለሻፍት የሚሆን ብረት የቀረው አንድ ብቻ ነበር፤ ማሽኑም የተሰጠው ለአያ ጅቦ ነበር።

አያ ጅቦ በድሮው ቶርኖ እጀታ ሲያሽከረክር ጉልበቱ የተመሰገነ ነው። አዲሱ ግን ጉልበት አይፈልግም። የቤቱ አለቃ እመት አህዪት አስጠንቅቃዋለች።

«አያ ጅቦ፣ ይኸ ማሽን ዓይን የለውም። ብረቱ ከየት እንደሚጀምር አንተ ትነግረዋለህ። ከዚያ መቁረጫው የሚሄድበትን መንገድ በቁጥር ትጽፍለታለህ፤ ምን ያህል እንደሚገባ፣ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ። ጥቂት በጥቂት ይላጠው። ብረቱን ከማሰርህ በፊት ደግሞ በባዶው አስኪደውና አየሩን ሲቆርጥ እየው።»

«ገብቶኛል፣ እመት አህዪት» አለ። አፉ ገብቶኛል ይበል እንጂ ዓይኑ የነበረው ጭኗ ላይ ነው።

በማግስቱ ጠዋት አንበሳ አንድ የበሬ ታፋ አምጥቶ ከደጃፉ ዛፍ ላይ አሰቀለ። «ሻፍቱ ዛሬ ካለቀ ታፋው ያንተ ነው። ብረቱን ካበላሸኸው ግን ወዮልህ!» ብሎ ወደ ጥላው ሄደ።

አያ ጅቦ ቁጥሮቹን እንደተነገረው ጻፈ። በባዶው ሊያስኬደው ሲል የታፋው ሽታ ገባ፤ ተከትላም እሜቴ ቀበሮ ገባች።

«ምን ልትሠራ ነው፣ አያ ጅቦ?»

«መጀመሪያ በባዶው ላስኬደው ነው።»

«አየር ልትቆርጥ? ኧረ ጉድ ነው! አየር ቆርጦ የጠገበ ማን አለ? ደግሞ እንዲህ ስስ ስስ አድርጎ እየላጠ መቼ ሊያልቅ ነው? ባንዴ ግባ በለው እንጂ!»

«እመት አህዪት ጥቂት በጥቂት ብላለች።»

«እሷ ምን ቸገራት፣ ሣር በል ናት! ሥጋውን ግን ዝንብ እየወረረው ነው።»

የዝንቡ ነገር አንጀቱን በላው። «ኮምፒዩተር ያለው ማሽን እኮ ነው፤ ከበዛበት ራሱ ይቀንሰዋል» ሲል አሰበ። መቁረጫው የሚገባበትን ጥልቀት ጨመረ፣ ብረቱን አሰረ፣ አረንጓዴውን ቁልፍ ተጫነ።

ማሽኑ ምን ያድርግ? የታዘዘውን አደረገ። መቁረጫው ተወርውሮ ብረቱ ውስጥ ተሰነቀረና ጓ! ብሎ ለሁለት ተሰበረ፤ ብረቱም ጎበጠ። በድምፁ አንበሳም አውሬውም ሁሉ ወደ ውስጥ ሲሮጥ፣ ቀበሮ ብቻ ወደ ውጭ ሮጠች።

«ማሽኑ ነው!» አለ ጅቡ። «ጌታዬ፣ ይኸ ማሽን አብዷል! እኔ እንዲህ አላልኩትም!»

አንበሳ ወደ አህዪት ዞረ። «ማሽን ያብዳል እንዴ?»

«ማበዱን አብረን እንየው» አለች። የጎበጠውን ብረት ፈታች፣ ስባሪውን አነሳች፣ ከጅቡ ትእዛዝ አንድም ቁጥር ሳትነካ ቁልፉን ተጫነች። ማሽኑ ባዶውን ሄዶ እዚያው ቦታ ላይ፣ በዚያው ፍጥነት ጠለቀ። ደገመችው፤ ያንኑ ደገመ። ልጇን ያዘለችው ጦጣ እንኳ አንገቷን ነቀነቀች።

«አላበደም» አለ አንበሳ። «ይኸን እኛ አሁን ያየነውን አንተ ጠዋት ብታየው ምን ነበረበት?»

«ሥጋው...» አለ አያ ጅቦ። በበሩ አሻግሮ ሲያይ ዛፉ ላይ የቀረው ገመዱ ብቻ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሱ ግን የሚለቅመውም አልተረፈለትም።

ሌላ ብረት ከሩቅ አገር እስኪመጣ አሮጌው የድንጋይ ወፍጮ ወጣ፤ ቀንበሩም በጅቡ ጫንቃ ላይ ዋለ። እመት አህዪት «ዙር» ስትለው ይዞራል፤ «ቁም» ስትለው ይቆማል። የልቡን የጠየቀው የለም።

ከዚህ የምንማረው፣ ታዛዥ የተነገረውን እንጂ የታሰበውን አያደርግምና፣ የሚያዝ ሁሉ ትእዛዙ ጉዳት ከማድረሱ በፊት ራሱ ሊፈትነው እንደሚገባ ነው።