ላይ ላዩን የቀረ ሥር

ወይዘሮ ውድነሽ ወደ የኔታ ጥዑመ ልሳን መጥታ፣ «የኔታ፣ ልጄን ጠዋት ማታ እመክራታለሁ፤ አንዱንም ግን አትይዘውም። ምን ላድርግ?» ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም እንዲህ አሏት።

አንዲት ሴት ነበረች፤ ቆላ የምትኖር። ሁለት ዓመት ጓሮዋ ውስጥ ቲማቲም ተክላ ሁለቱንም ዓመት ደረቀባት። ባልዋ፣ «ዘንድሮም ከደረቀብሽ ጓሮውን ሲሚንቶ አስለብሰዋለሁ» አላት።

እሷ ግን በጥቅምት፣ ሙቀቱ ጋብ ሲል፣ እንደገና ተከለች። ጠዋት ትረጫለች፣ ቀትር ላይ ትረጫለች፣ ማታ ትረጫለች። ችግኙ አሁንም ጠወለገ። አንድ ቀን አትክልተኛ የሆኑ ሽማግሌ ጎረቤቷ መጡና አንዱን ችግኝ ነቀሉት።

«ምነው አባባ! ስንት የደከምኩበትን!» ብላ ጮኸች።

«ሥሩን እዪው» አሏት። ከጣት አይረዝምም። «ውሃሽ ላይ ላዩን ነው፤ ሥሩም እዚያው ቀረ። ወደ ታች ለምን ብሎ ይውረድ? ፀሐይ ደግሞ መጀመሪያ የምታደርቀው የላይኛውን አፈር ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በአራት ቀን አንዴ፣ በማለዳ፣ ውሃው ክንድ ያህል እስኪሰርግ ቀስ እያለች ታጠጣ ጀመር። አፈሩንም በገለባ ሸፈነችው። ቀትር ላይ ቅጠሉ ሲልፈሰፈስ ውሃ ልትረጭ ትነሣለች፤ ግን ራሷን ትገታለች። ሲመሽ ቅጠሉ ቀና ይላል።

ፍሬው ሊቀላ ሲል የቧንቧ ውሃ ጠፋ። ሦስት ቀን! ስምንት ቀን! ደረቅ ነፋስ ነፈሰ፤ የሰፈሩ ጎመን እንደ ወረቀት ተኮማተረ። በዘጠነኛው ቀን ፈራ ተባ እያለች ወደ ጓሮ ወጣች። ተክሉ ቆሟል! ቅጠሉን ገለጥ ብታደርገው ፍሬው ሁሉ ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ!

«ኑ! ኑ እዩልኝ!» ጩኸቷ ሰፈሩን ቀሰቀሰው። ባልዋ እየሮጠ ወጣ። አንዱን ቀጥፎ ገመጠ፤ ጭማቂው በአገጩ ወረደ። እንደ ልጅ ሳቀና፣ «የሚቀጥለውን መደብ እኔ ነኝ የምቆፍረው!» አለ።

የኔታ ይሄኔ ወደ ወይዘሮ ውድነሽ ዞሩ።

«ልጄ፣ ምክርሽ ጥሩ ውሃ ነው። ግን በየሰዓቱ ጠብ ጠብ ስለምታደርጊው ልጅሽ የራሷን ሐሳብ አትፈልግም፤ ያንቺን አፍ ትጠብቃለች። አልፎ አልፎ አጠገቧ ቁጭ በይና አንድ ነገር፣ ልቧ ድረስ እስኪዘልቅ፣ ረጋ ብለሽ ንገሪያት። ከዚያ ተያት። ጠውልጋ ብታዪያትም አትደንግጪ፤ ያን ጊዜ ነው ሥሯ ወደ ታች የሚወርደው።»